እሳት በጅራቷ የያዘች ጦጣ

ተጠጉ እንግዲህ። ወደኔ ነው ያልኩት እንጂ ወደ ምድጃው አላልኩም። አንቺ ዘቢደር፣ ነጠላሽን ሰብስቢ። ጫፉ ከእሳቱ ካልራቀ አፌን አልከፍትም። ራቀ? ደግ።

ድሮ ድሮ፣ አውሬው ሁሉ እንደ ሰው ጎጆ ቀልሶ በሚኖርበት ዘመን፣ ስሙ በጠፋብኝ አንድ አገር፣ እንኮዬ ጦጢት የምትባል ብልጥ ነበረች። ብልጥ ስላችሁ ሥራ የማትወድ ማለቴ ነው። ጎረቤቶቿ ማታ ማታ ፍሙን አመድ አልብሰው፣ አዳፍነው ይተኛሉ። ጠዋት ገለጥ ሲያደርጉት ረመጡ ይጠብቃቸዋል። እሷ ግን «ማን በአመድ ይጨማለቃል» ብላ እንዲሁ ጋደም ትላለች። ስለዚህ እሳቷ በየቀኑ ይጠፋል፣ በየቀኑም ከጎረቤት እሳት ልትጫር ትሄዳለች።

በዚያ አገር እሳት የለመነን መከልከል ነውር ነው። ወግ ግን አለው። ወጉን ያወጣችው እትዬ ጃርት ናት። በልጅነቷ ቤት ተቃጥሎባት ስለነበር ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረች ትጨቀጭቃለች። «ገንቦውን ሞልታችሁ በር ላይ አኑሩት፣ ጭራሮውን ከምድጃው አርቁት፣ በጎጆው ዙሪያ ያለውን ደረቅ ሣር እጨዱት» ስትል ነው የምትውለው። ሰዉ ይሰለቻታል፣ ግን ከአፏ ለመዳን ሲል ገንቦውን ይሞላል።

እሳት የሚጭርም መጀመሪያ ይጠየቃል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጦጢት እትዬ ጃርት በር ላይ ቆመች።

«እሳት ልጫር መጣሁ።»

«በምን ትወስጂዋለሽ?»

«በገል።»

«አመዱስ?»

«ከታችም ከላይም።»

«ነፋሱስ?»

«ጋብ ብሏል።»

ጦጢት መልሱን እንደ ዳዊት በቃሏ ነው የምትወጣው። እትዬ ጃርት ግን ቀና ብላ ዛፉን አየችና፣ «ነፋሱ ጋብ አላለም። ሲበርድ ነይ» ብላ መለሰቻት። ጦጢትም እያጉረመረመች ወደ አያ ከርከሮ ቤት ሄደች። አያ ከርከሮ ሥራሥር እየቆረጠመ ነበር።

«እሳት ልጫር መጣሁ።»

«በምን ትወስጂዋለሽ?»

«በገል።»

«አመዱስ?»

«ከታችም ከላይም።»

«ነፋሱስ?»

«ጋብ ብሏል» አለች፣ ነፋሱ የከርከሮን ጆሮ እያርገበገበው። የሚበላ ሰው ክርክር አይወድም። «እንግዲያው ውሰጂ» አላት።

አሁን ብልጠቷን ተመልከቱልኝ። ከአጥሩ ዞር እንዳለች ገሉን ከነአመዱ ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወረችው። ፍሙን በደረቅ ሣር ጠቀለለችና በጅራቷ ጫፍ ያዘችው። ለምን? ሁለት እጇ ነፃ እንዲሆን ነዋ። መንገዷ የከርከሮን የባቄላ ማሳ ያቋርጣል፣ ባቄላውም እሸት ነው። በጅራቷ እሳት፣ በእጇ እሸት ይዛ ቤቷ ደረሰች። ሁልጊዜም እንዲሁ ነበር የምታደርገው።

ሕፃን ልጇ ሽብሬ ጎጆ ውስጥ ተኝታለች። በሩን ጦጢት ራሷ ከውጭ በጠፍር አስራዋለች፤ የተሰረቀው እሸት ውስጥ ተከምሯልና ጎረቤት ገብቶ እንዳያየው ነው። የጠፍሩን ቋጠሮ ልትፈታ ዞር ስትል ጅራቷ ከፍ አለ። ነፋሱ ሣሩን አቀጣጠለው፣ የሣሩ ነበልባል ከበሩ በላይ ያለውን ክዳን ነካው። ክዳኑ ደግሞ የበጋ ክዳን ነው፤ ለመያዝ አልዘገየም። የሚነደው ሣር በሩ ላይ እየወረደ ጦጢትን ወደ ኋላ አባረራት።

«ልጄን» ብላ ጮኸች።

ጎረቤቱ እየሮጠ መጣ። ገንቦው ሁሉ የተሞላ ነበርና ውኃ ፍለጋ ወንዝ የወረደ የለም። ገሚሱ በሩ ላይ ደፋ፣ ገሚሱ እሳቱ እንዳይዛመት ቆዳ እያራሰ የራሱን ጎጆ ክዳን አለበሰ። በሩ ግን የሚቀረብ አልሆነም። ያን ጊዜ እትዬ ጃርት ከርከሮን በጎኑ ገፋችው።

«በጓሮ በኩል ግድግዳውን ናደው። ከታች፣ ከመሬቱ ጋር» አለችው።

ከርከሮ ክራንቻውን ሰድዶ ጭቃውን ዘነጠለው፣ እንጨቱን ሰበረው። አንድ ሕፃን የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፈተ። ጎንበስ ብሎ ቢያይ ጭሱ ከላይ ጠቁሮ ተንጠልጥሏል፣ ከመሬቱ አጠገብ ግን ገና ጠራ ያለ ነው። ሽብሬስ የት አለች? ምሰሶው ላይ ወጥታ፣ ከጭሱ መሀል ተጣብቃለች። ሳሏ ይሰማል።

«ውረጂ ልጄ፣ በዚህ በኩል ነይ» አላት ከርከሮ።

«አልወርድም» አለች ሕፃኗ። «ስትፈሪ ወደ ላይ ውጪ ብላኛለች እናቴ።»

እውነቷን ነው። የጦጣ እናት ልጇን መጀመሪያ የምታስተምረው ይህንኑ ነው። ነብር መጣ፣ ውጪ። ውሻ መጣ፣ ውጪ። ጦጢትም ከከርከሮ ጀርባ ቆማ፣ በድንጋጤ፣ «ውጪ ልጄ፣ ውጪ» እያለች ነበር። ሽብሬም የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ይባስ ብላ ወደ ላይ ተሳበች።

እትዬ ጃርት ክንዷን ያዘቻት። «እንኮዬ፣ ልጅሽን አንቺው እየገደልሻት ነው። ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። እኛን አትሰማም፤ አንቺ ውረጂ በያት።»

ጦጢት በዕድሜዋ ተሳስቻለሁ ብላ አታውቅም። አፏን ቀዳዳው ላይ አደረገችና እንዲህ አለች፦

«ሽብሬ፣ እናትሽ ተሳስታለች። ውረጂ የኔ ዓለም። ሆድሽን መሬት አስነክተሽ ወደ ድምፄ ተሳቢ።»

 ሳሏ ጠፋ። ከርከሮ ፊቱን አዞረ።  ቀጥሎ አንዲት ጥላሸት የለበሰች ትንሽ እጅ በቀዳዳው ብቅ አለች። ጦጢት ጎትታ አወጣቻትና ደረቷ ላይ ለጠፈቻት።

ተመስገን ነው እንግዲህ። ሕፃኗ አንድ ሁለት ጊዜ ሳለች፣ ውኃ ጠጣች፣ ከዚያ «ራበኝ» አለች። ራበኝ ካለች ደህና ናት ብሎ ሁሉም ሳቀ። ከርከሮ ዓይኑን እየጠረገ «ጭሱ ነው» ይላል፤ ማን አመነው።

ጎጆው ነድዶ ሲያበቃ ከፍርስራሹ ደስ የሚል ሽታ መጣ። የተጠበሰ ባቄላ ነው። ከርከሮ አፍንጫውን ነፋ፣ ነፋና ወደ ጦጢት ዞረ።

«ይሄ የኔ ባቄላ ነው።»

«ያንተው ነው» አለች ጦጢት፣ ጫፉ ያረረውን ጅራቷን ይዛ።

«ገሉስ? አመዱስ?»

«ከአጥርህ ጀርባ ጥዬዋለሁ።»

«ታዲያ ስታታልይኝ ነው የኖርሽው?»

«አንተንማ አታለልኩህ፣ አያ ከርከሮ» አለችና ልጇን ይበልጥ አቀፈች። እነሱም አልጨቀጨቋት። ማስረጃውን ከበው እየፈለፈሉ በሉት፣ ለሽብሬም ሰጧት። በማግስቱ ደቦ ወጥተው ጎጆዋን ሠሩላት፤ አንድ በር ከፊት፣ አንድ በር ከጓሮ። በር ከውጭ እንዳይታሰር ብላ አዲሱን ጠፍር እትዬ ጃርት ወሰደችው።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የዚያ አገር ሽማግሌ ሁሉ እንዲህ ይላል፦ ጎረቤት ቢታለል፣ እሳት አይታለልም።