ያልተወጋ አልታመመም

አንድ ሐኪም ነበር፤ ስሙ ልሣኑ። የተመደበው መርፌ ከጠበል እኩል በሚከበርበት መንደር ነው። እዚያ ያስነጠሰ «ውጋኝ» ይላል፤ ያዛጋም «ውጋኝ» ይላል። የሰዉ መቀመጫ ወንፊት ከመሆኑ የተነሣ፣ ጠላ ሲጠጡ በታች እንዳይፈስባቸው ቆመው ነበር አሉ የሚጠጡት። ልሣኑ ሰው ማስከፋት አይወድምና የመጣውን ሁሉ ይወጋል። እነሱም ይመርቁታል፤ ዶሮና ማር ያሸክሙታል። መወደድ ደግሞ ከማሩ ይብስ ይጣፍጣል።

አንድ ቀን አያ ሽታው የሚባሉ ገበሬ አፍንጫቸውን እየጠረጉ ገቡ። ልሣኑ ሲያያቸው አንገቱን ደፋ። ባለፈው ክረምት እንዲሁ ለጉንፋን የወጋቸው ቦታ መግል ቋጥሮ፣ እህል እስኪታጨድ በሆዳቸው ተደፍተው ነበር የከረሙት። አገላብጦ መረመራቸው። አሁንም ጉንፋን ነው።

«አያ ሽታው፣ ትኩስ ትኩስ እየጠጡ ይረፉ። ይሄን መርፌ አያድነውም።»

«ተው እንጂ ዶክተር፣ አንዲት ብቻ። ቀጭኗን።»

«ያምናው ቁስል ተረሳ?»

«እሱስ አልተረሳም። ግን ሳላነክስ ቤት ብገባ ሚስቴ ዘነቡ መች ታምነኛለች? ያልተወጋ አልታመመም ብላ በሬ ጥመድ ነው የምትለኝ።»

ልሣኑ ክው አለ። ለካስ ሰውዬው የመጡት ምስክር ፍለጋ ነው። እምቢ ቢል መንደሩ «መርፌ ሰሰተብን» ብሎ ፊት ይነሣዋል። እሺ ቢል ደግሞ የኚህን ደግ ሰው ገላ ዳግም ማቁሰል ነው። መርፌውን ወደ መሳቢያው መለሰና ክንዳቸውን ይዞ ወደ ቤታቸው ወሰዳቸው። አያ ሽታው በመንገድ ላይ ልማድ ሆኖባቸው አነከሱ፤ ያውም በሁለቱም እግራቸው።

ሚስታቸው እትዬ ዘነቡ ከደጅ ቆመው ጠበቋቸው። «ተወጋ?»

«አልተወጉም፤ አያስፈልጋቸውም። ግን ታመዋል እትዬ፣ እኔ ምስክር ነኝ። እርሻው ይቆይ።»

«ሳይወጋም ይታመማል እንዴ?»

«ይታመማል።»

እትዬ ዘነቡ ባላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩና «ታዲያ ምን ይገትርሃል? ግባና ተኛ እንጂ» አሉ፤ ጋቢም ደረቡላቸው።

መንደሩ አኮረፈ፤ ማሩም ዶሮውም ቀረ። አያ ሽታው ግን በጀርባቸው ተኝተው ዳኑ።

ሐኪሞቻችን ሆይ፣ መርፌን መርፌ ለሚፈልግ በሽታ ተዉት፤ ለቀረው የሚሰማ ጆሮና የታመነ ቃላችሁ ይበቃል። እኛስ ብንሆን፣ የቤታችንን ሰው «አመመኝ» ሲለን ለማመን የግድ ሲያነክስ ማየት አለብን?