የሽታዬ መኪና ፍሬን

እስቲ ቀረብ በሉ፤ የአንዲት ጎበዝ ሴት ነገር ላጫውታችሁ።

ሽታዬ ወልቂጤ ገበያ ውስጥ ባልዲና ጀሪካን ትሸጣለች። ቆጥባ ቆጥባ አንዲት አሮጌ መኪና ገዛች። መኪናዋ ስንት አገር የዞረች፣ ስንት ዳገት የወጣች ናት። የሽታዬ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ከጊቤ ማዶ ያለችውን እህቷን ብርቄን፣ ምጥ ሳይዛት ሆስፒታል ማድረስ። ብርቄ የመጀመሪያ ልጇን መኪና ስትጠብቅ መንገድ ዳር ነው ያጣችው።

ሽታዬ ግን ከመሄዷ በፊት መኪናዋን ለመካኒኩ ለጋሽ ሽኩር አሳየች። ጋሽ ሽኩር ኮፈኑን ከፈተ። ዘይቱን ቀየረ፣ የተሰነጠቀውን የሞተር ቀበቶ ቺንጋውን ለወጠ፣ ራዲያተሩን ፈተሸ። ነድቶ ሞከራትና ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

«ቁልፉን ስጠኝ እንጂ ጋሽ ሽኩር! እህቴ እየጠበቀችኝ ነው።»

«ሞተሯ ወርቅ ነው ልጄ። ጎማውን ይዞ የሚያቆመው የፍሬኗ ሸራ ግን ተበልቶ አልቋል። በዚህ ፍሬን የጊቤን ቁልቁለት አትወርጂም። ፍሬኑ ካልያዘ ቁልፍ የለም።»

ሽታዬ እየተነጫነጨች መለዋወጫ ወደምትሸጠው ወደ ወይዘሮ ዝናሽ ሄደች።

«እትዬ ዝናሽ፣ ቁልፍ የለም ፍሬኑ ካልያዘ። ፍሬኑ አይዝም ሸራው ካልተቀየረ። ሸራ ስጪኝ!»

«ሸራው ብዙ ዓይነት ነው እህቴ። በግምት ሰጥቼሽ ገደል አልከትሽም። አሮጌውን ካላየሁ አልሰጥሽም።»

ሽታዬ ጎማ ወደሚጠግነው ወደ ሙራድ ሮጠች።

«ሙራዴ፣ ቁልፍ የለም ፍሬኑ ካልያዘ። ፍሬኑ አይዝም ሸራው ካልተቀየረ። ሸራ የለም አሮጌው ካልታየ። አሮጌው ከጎማው ኋላ ነውና ጎማውን ፍታልኝ!»

ሙራድ መጥቶ ታገለ፣ አላበው። ብሎኑ ዝጎ ተጣብቋል።

«በመዶሻ ብመታው ይሰበራል፤ አላደርገውም። ትልቁ መፍቻ ካልመጣ ብሎኑ አይፈታም። እሱ ደግሞ ያለው ጋሽ ለገሰ ጋ ነው።»

ጋሽ ለገሰ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በርበሬ ጭኖ ገበያው ዳር ቆሟል።

«ጋሽ ለገሰ፣ ቁልፍ የለም ፍሬኑ ካልያዘ። ፍሬኑ አይዝም ሸራው ካልተቀየረ። ሸራ የለም አሮጌው ካልታየ። አሮጌው አይታይም ብሎኑ ካልተፈታ። ብሎኑ አይፈታም መፍቻህ ካልመጣ!»

«በደስታ ነበር፤ ግን መፍቻው ከጆንያዎቹ ሥር ነው። በርበሬው ካልወረደ አይወጣም።»

ሽታዬ ወደ ጫኝና አውራጆቹ ዞረች። ይህን ጊዜ ዝናብ ጀምሯል፣ እነሱ ቆርቆሮ ሥር ተጠልለዋል።

«ወንድሞቼ፣ ቁልፍ የለም ፍሬኑ ካልያዘ። ፍሬኑ አይዝም ሸራው ካልተቀየረ። ሸራ የለም አሮጌው ካልታየ። አሮጌው አይታይም ብሎኑ ካልተፈታ። ብሎኑ አይፈታም መፍቻው ካልመጣ። መፍቻው አይወጣም በርበሬው ካልወረደ!»

«የሰው አደራ ነው እህታችን» አለ አለቃቸው። «ከረጠበ ይሻግታል። ዝናቡ ካላባራ አናወርድም።»

ሽታዬ ሰማዩን አየች። እንባዋ መጣ። እንዲህ በቀላሉ የምትረታ ሴት ግን አይደለችም! ወደ መደቧ በረረች፤ የምትጠለልበትን ትልቅ ሸራ ከነገመዱ ነቅላ ተሸክማ መጣች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዕቃሽስ?» አሉ።

«የኔ ዕቃ ባልዲ ነው! ቢዘንብበት ውሃ ይሞላል እንጂ ምን ይሆናል?»

ሳቁ፤ ሸራውንም ወጠሩ። ሸራው ሲወጠር በርበሬው ወረደ። በርበሬው ሲወርድ መፍቻው ወጣ። መፍቻው ሲመጣ ብሎኑ ተፈታ። ብሎኑ ሲፈታ አሮጌው ታየ። አሮጌው ሲታይ አዲሱ የፍሬን ሸራ ተገኘ። ሸራው ሲቀየር ፍሬኑ ያዘ። ፍሬኑ ሲይዝ ጋሽ ሽኩር እጁን ኪሱ ከተተና «በይ፣ በሰላም ግቢ ልጄ» ብሎ ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖረው።

በማግስቱ ሽታዬ እህቷን አሳፍራ ቁልቁለቱን ስትወርድ፣ መታጠፊያው ላይ ከብቶች መንገዱን ሞልተውት አገኘች። ብርቄ ሆዷን አቅፋ ዓይኗን ጨፈነች። ሽታዬ ፍሬኑን ረገጠች። መኪናዋ ቀጥ አለች፤ አንድ በሬ ቀና ብሎ አያትና ዝም ብሎ አለፈ።

«ቆምን?» አለች ብርቄ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ቆምን እህቴ።» ሽታዬ ሳቀች። «ያ ሽማግሌ መካኒክ ዕድሜ ይስጠው! እኔ እኮ ትናንት ስሰድበው ነው የዋልኩት።»

ብርቄ ሆስፒታል ገብታ፣ በሐኪም እጅ ሴት ልጅ ተገላገለች። ልጅቷ ገና ከመውጣቷ አዋላጆቹ እስኪስቁ ድረስ ጮኸች። ለእናንተም መንገዱን ያቅናላችሁ።