አያ ጅቦ የጠበቃት መስመር

አንድ ጊዜ፣ ደጋው በዝናብ ሲርስ ቆላው በፀሐይ በሚነድበት አገር፣ የዱር አራዊት በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ ኮምፒውተር ነበራቸው። ወንዙን ሊያጠኑ የመጡ ሰዎች ድንኳናቸውን ነቅለው ሲሄዱ ጥለውት የሄዱት አሮጌ ማሽን ነው። ከጉብታው ላይ፣ ከሾላው ዛፍ ሥር ተቀምጦ በፀሐይ ኃይል ይሠራል። የሚተዳደረው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ሲሆን፣ በሆዱ ውስጥ አገልግሎት የሚባሉ የማይታዩ ሠራተኞች አሉት። አንዱ የአንበሳን አዋጅ ማለዳ ማለዳ ይለፍፋል። አነፍናፊ የሚሉት ሌላው ደግሞ የሞተ ከብት የት እንደወደቀ ፈልጎ ለጅብ ይነግራል። ሦስተኛው ጎርፍ ጠባቂ ነው። በወንዙ ላይኛው መታጠፊያ ከተተከለችው መለኪያ ወሬ ይቀበልና ደራሽ ውሃ መምጣቱን ሲያውቅ ጥሩንባ ይነፋል።

እነዚህ ሠራተኞች ሁሉ የሚሠሩት ሜሞሪ በሚባል አንድ ጠባብ ጓዳ ውስጥ ነው። ጓዳውን የምታከፋፍለው ጦጣ ነበረች። ጣቷ ቀልጣፋ፣ ጭንቅላቷ ፈጣን ነው፤ ማብራሪያ ጻፊ ሲሏት ግን ወዲያው እጇ ይዝላል። ጅብን ስለምታውቀው ለአነፍናፊው «ከሩብ አትለፍ» የሚል ወሰን አበጀችለት። ለጎርፍ ጠባቂው ደግሞ «ይህችን ቦታ ማንም አይንካበት» ብላ ከለለችለት። ሁለቱንም በማሽኑ ቋንቋ በአጭር በአጭሩ፣ አንድ አንድ መስመር አድርጋ ጻፈች። የማን እንደሆነ አለ፤ ምን ያህል እንደሆነም አለ። ለምን እንደሆነ ግን የለም።

ይህ ነገር ሌላውን አላስጨነቀውም። አህያን ግን አስጨነቃት። እሷ የምትግጠው ከወንዙ ዳር ካለው ለምለም መስክ ሲሆን፣ በዚያ ክረምት የወለደቻት ውርንጭላ እግሯ ገና አልጠናም። ዳገቱን ለመውጣት እንደ ልጅ ሦስት ጊዜ ታርፋለች። ጥሩንባው በጊዜ ካልተነፋ ልጅቷ ለውሃ ናት። አህያ ይህን ስታስብ ሣሩ ከጉሮሮዋ አይወርድላትም ነበር።

«እመት ጦጢት» አለቻት አንድ ቀን፣ «እነዚህ መስመሮች ምን እንደሆኑ፣ ለምን እንደተጻፉ ከላያቸው ብታብራሪልን ምናለበት?»

«እዚህ አለልሽ» አለች ጦጣ ግንባሯን በጣቷ መታ መታ እያደረገች።

«አንቺ የሌለሽ ዕለትስ?»

«እኔ ደግሞ የት እሄዳለሁ?»

ነሐሴ ሲጋመስ የደጋው በቆሎ እሸት ያዘ። እሸት ከያዘ በኋላ ከሥራዋ ላይ የተገኘች ጦጣ እስከ ዛሬ አልታየችም። ጦጢትም ዘመዶቿን ተከትላ ለመውጣት ጓዟን ስታስር አህያን ጠራቻት። «ማሽኑን አደራ። ምንም እንዳትነኪ» አለቻትና ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እየዘለለች ሄደች። አህያ «ቆይ እንጂ፣ ስለ መስመሮቹ…» ብላ አፏን ስትከፍት ከቅጠሉ መወዛወዝ በቀር የሚታይ አልነበረም።

ቀበሮ ይህን ሁሉ ከቁጥቋጦ ውስጥ ስታይ ነበር። የቀበሮ ኑሮ ጅብ ከበላው በሚተርፈው ላይ የቆመ ነው። ጅብ ብዙ ካገኘ ለእሷም ይተርፋታል፤ ትንሽ ካገኘ አጥንቱንም አይተውላትም። ስለዚህ ወደ ዋሻው አመራች።

«አያ ጅቦ፣ ሰሞኑን ከስተሃል» አለችው።

«ርቦኝ ነው» አለ ጅብ።

«አነፍናፊህ እኮ ታስሮ ነው።»

«በምን? በጠፍር ነው?» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «በጠፍር ከሆነ ግድ የለም፣ እበላዋለሁ።»

«በጠፍር አይደለም፣ በመስመር ነው። የማይበላ ነገር ነው» አለችውና አስከትላው ወደ ሾላው ወጣች።

ከሾላው ሥር ማንም ማንንም እንዳይበላ የአንበሳ ሕግ ነበር። ቢሆንም አህያ የጅብን ጠረን ስታገኝ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ማፈግፈጓ አልቀረም። ቀበሮ ግን ፈገግ ብላ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«እመት አህዪት፣ ይህች መስመር ምንድን ናት?»

«ለጎርፍ ጠባቂው የተከለለች ቦታ ናት።»

«ጎርፍ መጥቷል?»

«አልመጣም።»

«እስቲ ሰማዩን እዪው።»

አህያ ቀና ብላ አየች። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የእፍኝ ያህል ደመና እንኳ አይታይበትም።

«እንግዲህ ባዶ ቦታ ታጥሮ የአያ ጅቦ ሠራተኛ በአንድ ጥግ ታፍኖ ይሠራል ማለት ነው» አለች ቀበሮ። «ጎርፍ ሳይመጣ ለምን ባዶውን እንደታጠረ ታውቂያለሽ?»

አህያ መዋሸት አትችልበትም። «አላውቅም» አለች። «ግን አትንኪ ተብያለሁ።»

«ለምን አትንኪ ተባልሽ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ለምን እንደታጠረ የማይታወቅ አጥር ማገዶ ነው» አለች ቀበሮና ጉዳዩን ለሸንጎ አቀረበች።

በሸንጎው ላይ አንበሳ በክርኑ ተደግፎ ሁሉንም አዳመጠ። ወደ ማንም አላጋደለም። «ይህ ቦታ እንዲከለል ምክንያት አለው የሚል ካለ ይናገር» አለ። አህያ ተነሣች። የምትናገረው ነገር በልቧ ሞልቷል፤ በአፏ ግን የለም። «ጌታዬ፣ ጦጢት ብልህ ናት፤ ያለ ነገር አላደረገችውም ብዬ አስባለሁ» ብላ ተቀመጠች። «ብዬ አስባለሁ» የሚለው ቃል የትም ሸንጎ ላይ ረትቶ አያውቅም። አንበሳም «ምክንያቱን የሚያውቅ ካልተገኘ ሁለቱም መስመሮች ይነሡ» ብሎ ፈረደ። አህያ በኮቴዋ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጭና መስመሮቹን አጠፋች። እያንዳንዱን ስትጫን ውርንጭላዋን ታስብ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ለጅብ ዘመን መጣለት። አነፍናፊው ጓዳውን እስከ ጣሪያው ሞላውና የሸለቆውን ሬሳ ሁሉ ይነግረው ጀመር። እዚህ በሬ ወድቋል፣ እዚያ ግመል ሞቷል፣ ከዚያ ማዶ ደግሞ ማንም ያልፈለገው የአሮጌ ጫማ ቆዳ አለ። ጅብ አንዱንም አልናቀም። ሆዱ መሬት እስኪነካ ከበላ በኋላ፣ ወንዙ በደረቀበት ለስላሳ አሸዋ ላይ ተዘርሮ ማንኮራፋት ልማዱ ሆነ። ቀበሮም እንደዚያ ሰሞን ወፍራ አታውቅም።

አህያ ግን ጆሮዋን ከወንዙ ላይ አላነሣችም። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ሰማዩ እንደወትሮው ጥርት ብሎ ሳለ፣ ከላይ በኩል የሚያጉረመርም ነገር ሰማች። ወደ ጥሩንባው ዞራ ጠበቀች። ጥሩንባው ዝም አለ። ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠበቀች፤ አሁንም ዝም ነው። ማጉረምረሙ ሲጎላ ግን መጠበቋን ትታ፣ አህያ ብቻ በምትችለው ድምፅ አናፋች። ያን ቀን ያ ድምፅ አስቀያሚ ነው ያለ አልነበረም። ሚዳቋውም ከርከሮውም ነቅሎ ወደ ጉብታው ሮጠ። አህያ ልጇን በአፍንጫዋ እየገፋች፣ ስታርፍ እየለመነች፣ አንዳንዴም እየነከሰች ዳገቱን አስወጣቻት። የደራሹ ውሃ ጭቃ የውርንጭላዋን የኋላ ኮቴ ነክቶ ተመለሰ።

«ድረሱልኝ!» የሚል ድምፅ ከታች ተሰማ። ጅብ ነበር። ጠግቦ ስለነበር መሮጥም መዋኘትም አልቻለም፤ ከዳር በበቀለ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሏል። ቀበሮ ከጉብታው ላይ ሆና ወደ ሌላ አቅጣጫ ትመለከታለች። አህያ ተመለሰች፤ ጀርባዋን ሰጠችውና ጅራቷን ወደ ውሃው ጣለችለት።

«አያ ጅቦ፣ ያዝ። ግን ጅራቱን ብቻ። ከጅራቱ በላይ ያለው የእኔ ነው።»

ጅብም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የአህያ አካል በጥርሱ ይዞ ሳይውጥ ወጣ። የአህያ ጅራት ፀጉር ሳስቶ የቀረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ይባላል።

ጦጣ የጎርፉን ወሬ ሰምታ ከደጋ እየሮጠች መጣች፤ የበቆሎ ፀጉር ገና ከአገጯ ላይ አልረገፈም። ማሽኑን መረመረችና ጮኸች። «ጎርፍ ጠባቂው ነቅቶ ነበር! ቦታ ፈልጎ አጣ፤ አነፍናፊው ጓዳውን ሞልቶበታል። መስመሮቼን ያነሣ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች አህያ። «ሸንጎው አዞኝ። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አንዲት ቃል አልተውሽልኝም። ልጄን በጎርፍ ልታስበዪብኝ ነበር፣ እመት ጦጢት።»

ጦጣ ልትመልስ ብላ ወደ ውርንጭላዋ አየች። ጭቃው ገና ከኮቴዋ ላይ አልደረቀም። ጎንበስ ብላ ጭቃውን በጣቷ ጠረገችላት።

አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱም ፈርዶ ስለነበር ያን ዕለት ድምፁን አላጎላም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ጦጢት መስመሮቹን ትመልስ፤ ከየመስመሩ በላይም ማብራሪያ ትጻፍ። አህዪት ታንብበው። አህዪት ካልገባት እንዳልተጻፈ ይቆጠራል» አለ።

ይህ ፍርድ ለጦጣ ከግርፋት የባሰ ነበር። «ወሰን፦ ሩብ» ብላ ጻፈች።

«የምኑ ሩብ?» አለች አህያ።

«የሜሞሪው ነዋ።»

«ጻፊው። ሊያልፍ ቢሞክርስ ምን ይሆናል?»

«ማሽኑ ያስቆመዋል።»

«እሱንም ጻፊው። አያ ጅቦ ማሽኑ ተበላሸ ብሎ እንዳይመጣብን። ሩብ የሆነውስ ለምንድን ነው? ሲሶ ቢሆን ምን ይጎዳል?»

«ቆይ፣ አንቺ ዛሬ ሣር አትግጪም?» አለች ጦጣ። አህያ አልተነቃነቀችም። አህያ እንቢ ካለች እንቢ ናት፤ ለካ ለዚህ ነው የተፈጠረችው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሲጠያየቁ ዋሉ። ጦጣ መጀመሪያ እየተነጫነጨች ጻፈች፤ በኋላ ግን ሩቡን ለምን እንደመረጠች ራሷም ስትጠየቅ ጠፍቷት፣ ሂሳቡን እንደገና ሠርታ አስተካከለችው።

ዓመቱ ዞሮ ነሐሴ ገባ። ጦጣ፣ መቼም ጦጣ ናትና፣ ወደ እሸቷ ወጣች። አህያ አንድ ቀን ማሽኑን ልታይ ዳገቱን ስትወጣ ከሾላው ሥር ድምፅ ሰማች። ጅብና ቀበሮ ስክሪኑ ፊት ተቀምጠዋል። ከግንዱ ጀርባ ቆማ ጆሮዋን ቀሰረች።

«አያ ጅቦ፣ ማንም የለም» ትላለች ቀበሮ። «መጀመሪያ የጎርፍ ጠባቂውን መስመር አጥፋት፣ ከዚያ የአነፍናፊህን ወሰን፤ እንደ አምናው እንብላ።»

ጅብ ሆዱ ጮኸ። መዳፉን ወደ ቁልፉ ሰደደ። ከመስመሯ በላይ ግን ጽሑፍ አለ፤ ጅብም ፊደል በቅርቡ ስለለየ ያየውን ሁሉ ጮክ ብሎ ማንበብ ይወዳል።

«‹ይህ ቦታ የጎርፍ ጠባቂው ነው። ባዶ ይመስላል፣ ባዶ አይደለም። ጠባቂው አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ይውላል፤ ሲነቃ ግን ውሃው የት እንደሚደርስ ለማስላት ሰፊ ቦታ ባንድ ጊዜ ይፈልጋል። ጎርፉ የሚመጣው ከደጋ ስለሆነ የቆላ ሰማይ ጥርት ማለቱ ዋስትና አይሆንም። መስመሯ ከጠፋች ጥሩንባው አይነፋም። አምና ጠፍታ ነበር፤ ከአሸዋው ላይ ጠግቦ የተኛ አንድ ጅብ ሊሞት ሲል…›»

ጅብ ማንበቡን አቆመ። «ምስኪን» አለ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ማን ይሆን?»

«አገሩ ሰፊ ነው፣ ጅብ መቼ ጠፍቶ» አለች ቀበሮ በጥድፊያ። «ተጫናት በቃ።»

«‹…በአህያ ጅራት ተጎትቶ ወጣ።›» ጅብ ለረጅም ጊዜ አሰበ። የጅብ ሐሳብ ሩቅ አገር እንደሄደ መንገደኛ ነው፤ ይዘገያል፣ ከመጣ ግን ይመጣል። «እመት ቀበሮ» አለ በመጨረሻ፣ «ይህ እኮ እኔ ነኝ።»

መዳፉን ከቁልፉ ላይ አነሣ። ከዚያ ጀርባውን ለማሽኑ ሰጥቶ ተቀመጠ።

«እሺ ሁሉን ባይሆን ትንሽ እንቀንሳት» አለች ቀበሮ።

«ለምን?» አለ ጅብ።

ጅብ ስለ ምግብ ጉዳይ ለምን ብሎ ሲጠይቅ ያ የመጀመሪያው ነበር። የቀበሮ ብልጠት ሁሉ የተሠራው ለምን እንደሆነ በማያውቁ ላይ ነበርና የምትለው አጣች።

«ምክንያትሽን ጻፊና ለሸንጎ አቅርቢ» አላት ጅብ። «ለአህዪት የሚገባ አድርገሽ ጻፊው ታዲያ።»

አህያ ከግንዱ ጀርባ ሳትታይ ወደ መስኳ ተመለሰች። ደስታዋን ለማን እንደምትናገር ስላላወቀች ውርንጭላዋን ያለ ምክንያት ላሰቻት። ከዚያም ከወለደች ጀምሮ ያላደረገችውን አደረገች፤ ረጃጅም ጆሮዎቿን ዘርግታ ጣለቻቸውና እንቅልፍ ወሰዳት። በዚያው ሳምንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጥሩንባው ተነፋ። እናትና ልጅ ሣራቸውን እያላመጡ፣ አንድም ጊዜ ሳይሮጡ ዳገቱን ወጡ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ በደንብ የተጻፈ ማብራሪያ ግን ያን ቀን አስጥሏል፤ ጉብታው ላይ ሲደርሱ አያ ጅቦ ጀርባውን ለማሽኑ ሰጥቶ፣ ሆዱ እየጮኸ፣ መስመሯን እየጠበቀ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ወሰን ያበጀ ሰው ልኩን ብቻ ጽፎ ምክንያቱን በልቡ ይዞት ከሄደ፣ ወሰኑን የሚያፈርስበት ክፉ ሰው ብቻ ሳይሆን አደራ የተቀበለው ደግ ሰውም ጭምር እንደሆነ ነው።