የአቶ ዘውገ የመጨረሻ ጥያቄ

«ስንት ብርሌ ጠጅ ጠጣህ?» አሉ አቶ ዘውገ፣ ብዕራቸውን ቅጹ ላይ ደቅነው። ጠጥተው ሲነዱ የተያዙ ሹፌሮችን መርምረው፣ ማን ሕክምና እንደሚያሻው፣ ማንስ ዳግም እንደሚያጠፋ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

«አራት። ሰርገኛ ሳመላልስ ውዬ ነው» አለ የሚኒባሱ ሹፌር፣ ዓይኑን ከመንጃ ፈቃዱ ሳይነቅል። ልጆቹን የሚያበላው በእሱ ነው፤ አሁን ግን ያለው አቶ ዘውገ ክንድ ሥር ነው።

«እምቢ ማለት ያቅትሃል? ይሄ ሱስ ነው!»

«እምቢማ ብዬ ነበር። የሙሽራዋ አባት ብርሌውን አፌ ላይ ደግነው ‹በሞቴ! በሞቴ!› ሲሉ ምን ላድርግ? ባለሰርግ በሞቱ ሲለምን እምቢ ይባላል?»

አቶ ዘውገ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የማን ሰርግ እንደነበር ቅጹ አይጠይቅም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

«የመጨረሻ ጥያቄ» አሉ ቆጣ ብለው። «ዳግመኛ ጠጥተህ ትነዳለህ? ‹አዎ› ካልክ መንጃ ፈቃድህን አታገኛትም። ‹አልነዳም› ካልክም፣ ሰካራም ሁሉ የሚለው ነውና አላምንህም። በል፣ ቁርጡን ንገረኝ!»

ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«ቁርጡን እንድናገር መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ፣ ጌታዬ፤ ታናሺቱን ልጅዎን የሚድሩት መቼ ነው?»