ሥራ ፈት የተባለው ሰው

በኤሌክትሪክ ሙያ የተመረቀ አንድ ምላሰኛ ወጣት ነበር። ሥራ ፍለጋ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲዞር ዓመታት አለፉት። በመጨረሻ አንድ ፋብሪካ ለቃለ መጠይቅ ጠራው። እናቱ ስለት ተስላ፣ ከጎረቤት የተዋሰችውን ኮት አልብሳ ሸኘችው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ወንድይፍራው ማስረጃውን በጣታቸው ጫፍ ገፋ አድርገው፣ አብረዋቸው የተቀመጡት ፈታኞች እንዲስቁላቸው ጮክ ብለው፣ «ከተመረቅህ ጀምሮ ሥራ ፈት ነህ! ሥራ የፈታ ሰው እኛ ቤት ምን ይሠራል?» አሉት። ፈታኞቹም ሳቁላቸው።

ወጣቱ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ እጅ ነሣና፣ «ጌታዬ፣ ለመፍታት እኮ አስቀድሞ ማግባት ያስፈልጋል። እኔና ሥራ መች ተጋባንና ነው የተፋታነው? ዛሬም ላጫት ብመጣ፣ ትናንት ለእህትዎ ልጅ ድረዋታል አሉኝ» አላቸው።