የሐበሻ ጥድና ዝም ያለችው አህያ

አንድ ጊዜ በአንድ ደጋ አገር ከጋራ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ መንጠፍ ጀመረ። አራዊቱ ተሰብስበው ቢመክሩ ጥፋቱ በጥድ ላይ ወደቀ። በጋራው ላይ ሁለት ዓይነት ጥድ ነበር፤ ጥንት የበቀለው የሐበሻ ጥድና ትናንት መጥቶ ውሃውን የሚመጥጠው የፈረንጅ ጥድ። ንጉሡ አንበሳ የፈረንጁ ይነቀል፣ የሐበሻው ይቆይ ብሎ ፈረደ። ችግሩ፣ ከሩቅ ሲያዩአቸው መንታ ይመስላሉ።

አህያ ግን ለይታ ታውቃቸዋለች። ሰባት ዓመት ሙሉ የሁለቱንም እንጨት በጀርባዋ ተሸክማለች። የሐበሻው ልጡ እየተላጠ ይንጠለጠላል፣ እንጨቱ ቀላ ብሎ ያውዳል፣ ጠቆር ያለች ፍሬውን ወፍ ይለቅማታል፤ ከወይራ ጋር ተጎራብቶ ከምንጩ ራስ ይቆማል። የፈረንጁ ፍሬ ደረቅ እንጨት ነው፤ ወፍ ዞር ብሎ አያየውም። ምንጩ ቢደርቅ ደግሞ ከሁሉ ቀድማ የምትሞተው ሩቅ ሄዳ መጠጣት የማትችለው ውርንጭላዋ ናት።

ቀበሮ የራሱ ሐሳብ ነበረው። ጅግራዎች የሚያድሩት በሐበሻው ጥድ ላይ ስለሆነ፣ ዛፉ ቢወድቅ እይዛቸዋለሁ ብሎ ጅብን ጠራና በጉባኤው ላይ ቢናገርለት ግማሹን ሊሰጠው ተስማማ። ጅብ ከሆዱ አልፎ ማሰብ አልፈጠረበትም። ከጉባኤው ፊት ቆሞ እንዲህ አለ፦

«ፈረንጁ ያ ልጡ የተገሸለጠው ነው። የአገር ልጅ ቢሆን አገሩ እንዲህ ያጎሳቁለው ነበር?»

አንበሳ «ከዚህ የተሻለ የሚያውቅ አለ?» ሲል ጠየቀ።

አህያ አፏን ከፈት አደረገች። ጅብ ዞር ብሎ ታፋዋን አየ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ ራሷን አጽናናችና ጆሮዋን ጥላ ቀረች። የዋህ ልበላት ወይስ ከንቱ?

ከርከሮዎች ሥሩን ቆፍረው አሮጌዎቹን ጥዶች በሦስት ቀን ጣሏቸው። ጅግራዎቹ በረው አመለጡ፤ ለቀበሮና ለጅብ ላባ ብቻ ተረፋቸው። በጋ ሲገባ ምንጩ ጭራሽ ደረቀ፤ ውርንጭላዋም ጭቃውን እየላሰች እዚያው ወድቃ ቀረች።

አህያ እያለቀሰች ከአንበሳ ዘንድ ሄዳ የጥዱን ምልክት አንድ በአንድ ነገረችው።

«ያን ቀን ስጠይቅ የት ነበርሽ?»

«እዚያው ነበርሁ ጌታዬ። ጅብ እንዳይበላኝ ፈርቼ ነው።»

«ጅብ ቢበላ አንቺን ብቻ ነበር» አላት።

ከዚህ የምንማረው፣ የሚያውቅ ፈርቶ ዝም ሲል የማያውቅ እንደሚፈርድና ፍዳውም ዝም ባዩ አብልጦ በሚሳሳለት ላይ እንደሚወርድ ነው።