ቅናተኛው የወይን ጠጅ

«ልጄ፣ ይህ ወይን ቅናተኛ ነው። ከእሱ የበለጠ የሚጣፍጥ ነገር አጠገቡ እንዳታስቀምጪ!»

አንድ ጊዜ አንዲት ፍየል ገና ግልገል ሳለች እናቷ እንዲህ ብላት ነበር። ግልገሏ አድጋ በተራዋ ወለደች፤ የእናቷንም የወይን ተክል ወረሰች። ተክሉ ሙስካት የሚባለው ነው፤ ፍሬው ነጭ፣ ሽታው አበባ አበባ የሚል፣ ጠጁም ጣፋጭ።

አንበሳ በየዓመቱ መጥቶ ያን ጠጅ ይቀምሳል። ካስደሰተው እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ ፍየሏንና ልጇን ማንም አይነካቸውም። ካላስደሰተው ግን ጥበቃው ይቀራል። ጅብ ይህን ቀን ሲጠብቅ ምራቁን እየዋጠ ነው የሚከርመው። ቀበሮ ደግሞ ዓይኑን የጣለው ተክሉ ላይ ነበር።

«አያ ጅቦ፣» አለ ቀበሮ በቅምሻው ዋዜማ፣ «ዘንድሮ ጠጁ አንበሳን ካስከፋው ፍየሏ ያንተ፣ ተክሉ የእኔ። ተስማማን?»

«ግልገሏስ?»

«ግልገሏም ያንተ።»

«ተስማማን! ግን ያ ጠጅ እንዴት ተደርጎ ይከፋል?»

«እሱን ለእኔ ተወው። አንተ ብቻ አፍህን ዝጋ።»

በማግስቱ አንበሳ ዋርካው ሥር ተቀመጠ። ቀበሮ ማር የሞላ ትንሽ ገንቦ ይዞ እየተሽቆጠቆጠ ቀረበ።

«ጌታዬ፣ ከመንገድ ነው የመጡት፤ በባዶ ሆድ አይጠጣም። ይህቺን ይቅመሱልኝ።»

አንበሳ ላሰ። ጅብም ሳይጠሩት መጥቶ ላሰ።

ፍየሏ ጠጁን በዋንጫ ቀድታ አቀረበች። አንበሳ አንዴ ተጎነጨና ፊቱን አጨማደደ።

«ምንድን ነው ይሄ? ሎሚ ነው እንዴ የጨመቅሽልኝ?»

«እኔን ይድፋኝ!» አለ ቀበሮ ደረቱን እየመታ። «ያን የመሰለ ተክል እሷ እጅ ገብቶ ይበላሽ?»

ጅብ ወደ ግልገሏ ሁለት እርምጃ ተጠጋ።

ፍየሏ ልጇን ከኋላዋ ከለለች። ጠዋት ራሷ ቀምሳዋለች፤ ጣፋጭ ነበር። ያኔ አንበሳ ጢም ላይ የተንጠለጠለች የማር ጠብታ አየች። የእናቷ ቃል ትዝ አላት።

«ጌታዬ፣ ከመፍረድዎ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ። አፍዎን በውሃ ይጉመጥመጡና ይህን ይቅመሱ።»

ከገዛ ወተቷ የሠራችውን ጨው ያለው አይብና ሆምጠጥ ያለ ኮክ አቀረበችለት።

አንበሳ ተጉመጠመጠ፤ አይቡን ቆረሰ፤ ኮኩን ገመጠ፤ ከዚያ ጠጁን ደገመ። አሁንም ተጎነጨ። ጅራቱ ቀስ እያለች መወዛወዝ ጀመረች።

«ያው ጠጅ ነው?»

«ያው ነው ጌታዬ። ማር ሲቀድመው ይጎመዝዛል፤ ጨው ሲቀድመው ይጣፍጣል።»

«ለመሆኑ ማሩን መጀመሪያ ያስላስከኝ ለምንድን ነው?» አለ አንበሳ ወደ ቀበሮ እየዞረ።

«እኔ የለሁበትም!» ብሎ ጮኸ ጅብ። «አፍህን ዝጋ ስላለኝ ዘግቻለሁ! ቃል የገባልኝም ፍየሏን ብቻ ነው... እ... ግልገሏንም!»

ቀበሮ ገንቦውን ጥሎ እብስ አለ። ጅብም ለምን እንደሚሮጥ ሳይገባው ተከተለው። አንበሳ ሳቁን እንደምንም ውጦ ለፍየሏ ቃሉን አደሰላት፤ ዋንጫውንም ሳይጨርስ አልተነሳም።

ከቀትር በኋላ ፍየሏ የቀበሮን ገንቦ አጥባ አደረቀችው። የጎረቤትን ዕቃ ባዶውን መመለስ በአገሩ ነውር ስለሆነ ቁራሽ አይብ ጨመረችበት፤ ደጃፉ ላይ አስቀምጣለትም ልጇን አስከትላ ወደ ወይኗ ተመለሰች።

ከዚህ የምንማረው የሌላውን ሥራ ጎመዘዘ ከማለታችን በፊት የገዛ አፋችን አስቀድሞ ምን እንደላሰ ማሰብ እንዳለብን ነው።